የቤንዚን ሞተር አሠራር፦ የመስኖ ውኃ ፓምፕ ለሚጠቀሙ የኅብረት ሥራ ማኅበራትና ለልማት ሠራተኞች

፩. መግቢያ

በበጋ ወራት ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያ በመስኖ የሚያመርቱ ብዙ ገበሬዎች ከወንዝ፣ ከሐይቅ ወይም ከጉድጓድ ውኃ የሚያወጡት በአነስተኛ የሞተር ፓምፕ ነው። በጣና ሐይቅ ዳር በፎገራ ሜዳ፣ እንዲሁም በስምጥ ሸለቆ በባቱ ሐይቅ ዙሪያ የእነዚህ ፓምፖች ድምፅ በበጋ የተለመደ ነው። ከፓምፖቹ አንዳንዶቹ በናፍጣ፣ ሌሎቹ በቤንዚን ይሠራሉ። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው በቤንዚን የሚሠራውን ነው።

በአንድ የመስክ ጉብኝት ላይ የመስኖ ተጠቃሚዎች ማኅበር አባላት «ሞተራችን ተበላሽቷል» ብለው አሳዩን። ሞተሩ በደንብ ይነሣል፤ ሩብ ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላ ድምፁ እየደከመ ሄዶ ይጠፋል። ጥቂት ካረፈ እንደገና ይነሣል፤ እንደገናም ይጠፋል። ማኅበሩ ካንዴላ ለውጧል፤ ካርቡራተሩን አስፈትቶ አስጠርጓል፤ በመጨረሻም ሞተሩ ሙሉ በሙሉ እንዲፈታ ወደ ከተማ ሊልከው ተዘጋጅቶ ነበር። ይህ ሁሉ ሲሆን አንድ ሳምንት አለፈ። ሽንኩርቱም ራስ በሚይዝበትና ውኃ አጥብቆ በሚፈልግበት ጊዜ ተጠምቶ ቅጠሉ መጠውለግ ጀመረ። የሞተሩ ችግር ግን በቤንዚን ታንኩ ክዳን ላይ ያለችው ትንሽ የአየር ቀዳዳ በጭቃ መደፈኗ ነበር። በቀጭን ሽቦ ስትጠረግ ሞተሩ ሳያቋርጥ ሠራ።

ማኅበሩ ገንዘብና ጊዜ ያባከነው ሰዎቹ ሰነፎች ስለነበሩ አይደለም። ሞተሩ ለመሥራት ምን ምን እንደሚያስፈልገው የነገራቸው ስላልነበረ በግምት ይፈቱ ነበር እንጂ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የልማት ሠራተኞችና የማኅበራት የፓምፕ ኃላፊዎች የሞተሩን አሠራር ተረድተው፣ ችግር ሲያጋጥም በቅደም ተከተል እንዲመረምሩ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሞተሩንም የሰውንም ሕይወት ከአደጋ እንዲጠብቁ ማገዝ ነው።

፪. የቤንዚን ሞተር ማለት ምን ማለት ነው?

ድስት ተጥዶ ሲፈላ እንፋሎቱ ክዳኑን ወደ ላይ ይገፋዋል። ይህ የሚያሳየው አንድ ጋዝ ሲሞቅ እንደሚሰፋና ሲሰፋም ያገኘውን ነገር እንደሚገፋ ነው። ሙቀት ወደ ጉልበት የሚለወጠው በዚህ መንገድ ነው። በድስቱ እሳቱ የሚነደው በውጭ ነው። በቤንዚን ሞተር ግን እሳቱ የሚነደው በሞተሩ ውስጥ፣ በተዘጋ ክፍል ነው። ቤንዚኑና አየሩ ሲቃጠሉ የሚፈጠረው ጋዝ ሙቀቱ ከ2,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይደርሳል፤ በኃይልም ይሰፋል፤ እንደ ድስቱ ክዳን የሚገፋውም ፒስተኑን ነው።

ዛሬ በአብዛኛዎቹ የቤንዚን ሞተሮች የምናየውን የአራት ምት አሠራር ፈረንሳዊው አልፎንስ ቦ ደ ሮሻ በ1862 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ አቅርቦት ነበር። በተግባር የሚሠራውን ሞተር ያቀረበው ግን ጀርመናዊው ኒኮላውስ ኦቶ ሲሆን፣ ጊዜውም 1876 እ.ኤ.አ. ነው። የኦቶ ሞተር የሚሠራው በጋዝ ነበር። ከዚያ በኋላ ጎትሊብ ዳይምለርና ካርል ቤንዝ በ1885 እ.ኤ.አ. አካባቢ በቤንዚን የሚሠሩ ቀላል ሞተሮች ሠሩ። በመስኖ ማሳ ዳር የሚሠራው ትንሽ ፓምፕ መሠረታዊ አሠራሩ ከዚያን ጊዜ ወዲህ አልተለወጠም።

፫. የሞተሩ ዋና ዋና ክፍሎች

ሀ) ሲሊንደር፦ ውስጡ የለሰለሰ ክብ የብረት ጉድጓድ ሲሆን ቃጠሎው የሚካሄደው በዚህ ውስጥ ነው። በላዩ ቴስታታ የሚባለው መክደኛ በቡሎን ይታሰርበታል። በሁለቱ መካከል ጋዝ እንዳያልፍ ጓርኒሲዮን ይገባል።

ለ) ፒስተን፦ በሲሊንደሩ ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስ ብረት ነው። በወገቡ ዙሪያ ያሉት ቀለበቶች ፋሻ ይባላሉ። ጋዝ ወደ ታች እንዳያመልጥና ዘይት ወደ ላይ እንዳይወጣ የሚከለክሉት እነዚህ ናቸው።

ሐ) ቢዬላና ክራንክ ሻፍት፦ ፒስተኑ የሚሄደው ቀጥ ብሎ ነው፤ ፓምፑ ግን የሚፈልገው መሽከርከርን ነው። ብስክሌት የሚነዳ ሰው ጉልበቱ ወደ ላይና ወደ ታች ሲል ፔዳሉ እንደሚዞር ሁሉ፣ የፒስተኑን ግፊት ቢዬላው ተቀብሎ ክራንክ ሻፍቱን ያዞረዋል።

መ) ቮላኖ፦ በክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ያለ ከባድ የብረት መንኰራኵር ነው። እንደ ወፍጮ ድንጋይ አንድ ጊዜ መዞር ከጀመረ ቶሎ አይቆምም። ስለዚህ ፒስተኑ ጉልበት በማይሰጥበት ጊዜ ሞተሩን የሚያስቀጥለው እርሱ ነው። በብዙ ትናንሽ ሞተሮች ላይ ቮላኖው የማቀዝቀዣ ንፋስ ያነፍሳል፤ በላዩ ያለው ማግኔትም ለካንዴላው ኤሌክትሪክ ያመነጫል።

ሠ) ሁለቱ ቫልቮች፦ አንዱ የአየርና የቤንዚን ድብልቅ የሚገባበት፣ ሌላው ጭስ የሚወጣበት በር ነው። ሁለቱም ጊዜያቸውን ጠብቀው ይከፈታሉ፤ ይዘጋሉም።

ረ) ካርቡራተር፦ ቤንዚንና አየር በልክ የሚቀላቀሉበት ክፍል ነው።

ሰ) ካንዴላ፦ በቴስታታው ላይ የሚታሰር ሲሆን ድብልቁን የሚያቀጣጥለውን የእሳት ብልጭታ ይሰጣል።

፬. አራቱ ምቶች

ፒስተኑ ከላይ ወደ ታች ወይም ከታች ወደ ላይ አንድ ጊዜ ሲሄድ አንድ ምት ይባላል። ሞተሩ አንድ ጊዜ ጉልበት ለመስጠት አራት ምቶች፣ ማለትም ሁለት ዙር ያስፈልጉታል።

አንደኛ፣ መሳብ፦ ፒስተኑ ወደ ታች ይወርዳል፤ የመግቢያው ቫልቭ ክፍት ነው። ሲሊንደሩ እንደ መርፌ መድኃኒት መሳቢያ የአየርና የቤንዚን ድብልቅ ወደ ውስጥ ይስባል።

ሁለተኛ፣ ማመቅ፦ ሁለቱም ቫልቮች ይዘጋሉ። ፒስተኑ ወደ ላይ ወጥቶ ድብልቁን በጠባብ ቦታ ያምቀዋል። በትናንሽ የፓምፕ ሞተሮች ድብልቁ ከመጀመሪያው ስፋቱ ወደ አንድ ስምንተኛ ወይም ወደ አንድ ዘጠነኛ ያህል ይጨመቃል። ያልታመቀ ድብልቅ ቢቃጠል ደካማ ጉልበት ነው የሚሰጠው።

ሦስተኛ፣ መግፋት፦ ፒስተኑ ጫፍ ላይ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ካንዴላው ብልጭታ ይሰጣል። ድብልቁ ተቀጣጥሎ ይሰፋል፤ ፒስተኑንም በኃይል ወደ ታች ይገፋዋል። ከአራቱ ምቶች ጉልበት የሚሰጠው ይህ ብቻ ነው።

አራተኛ፣ ማስወጣት፦ የመውጫው ቫልቭ ይከፈትና ፒስተኑ ወደ ላይ ሲመለስ የተቃጠለውን ጋዝ በማርሚታው በኩል ያስወጣዋል። ከዚያም እንደገና መሳብ ይጀምራል።

የፓምፕ ሞተር በደቂቃ 3,600 ጊዜ ሲዞር በሲሊንደሩ ውስጥ በደቂቃ 1,800 ጊዜ፣ በሰኮንድ 30 ጊዜ ቃጠሎ ይካሄዳል ማለት ነው። ከአራቱ አንዱ ቢዛነፍ ሞተሩ ወዲያው የሚሰማው ከዚህ የተነሣ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ማስታወሻዎች እናክላለን። የመጀመሪያው፣ የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም፤ አየሩ በጣም ሲታመቅ ከሚፈጠረው ሙቀት የተነሣ ናፍጣው በራሱ ይቀጣጠላል። ስለዚህ በቤንዚን ሞተር ናፍጣ፣ በናፍጣ ሞተር ቤንዚን ፈጽሞ መግባት የለበትም። ሁለተኛው፣ እንደ አንዳንድ በጀርባ የሚታዘሉ የጸረ ተባይ መርጫ ሞተሮች ያሉ የሁለት ምት ሞተሮች ዘይታቸው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ የሚሰጥ ነው። የአራት ምት ሞተር ግን ዘይቱ ለብቻው፣ ቤንዚኑም ለብቻው ነው። ማኅበሩ ሁለቱም ዓይነት ካለው የቤንዚን ጀሪካኖቹ በግልጽ ምልክት መለየት አለባቸው።

፭. ሞተሩ ለመሥራት የሚያስፈልጉት አራት ነገሮች

ከላይ ከተገለጸው አሠራር እንደምንረዳው ሞተር እንዲሠራ አየር፣ ቤንዚን፣ እሳትና እመቃ ያስፈልጉታል። እነዚህ አራቱ ከተሟሉ ሞተሩ ይነሣል። ካልተነሣ ወይም ከጠፋ ከአራቱ አንዱ ጎድሏል ማለት ነው። ይህን ማወቅ ብቻውን ብዙ ኪሳራ ያድናል።

ሀ) አየር

አንድ ኪሎ ቤንዚን በደንብ ለመቃጠል ወደ 15 ኪሎ የሚጠጋ አየር ይፈልጋል። አየር ቀላል በመሆኑ ይህ በስፋት ሲታይ እጅግ ብዙ ነው፤ አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ሞተሩ ወደ 9,000 ሊትር ወይም ከዚያ በላይ አየር ይስባል። ይህ ሁሉ አየር የሚያልፈው በትንሿ የአየር ማጣሪያ ነው። በበጋ የማሳ ዳር አየር ደግሞ አቧራ የሞላበት ነው።

ማጣሪያው ከተደፈነ አየር ያንሳል፤ ቤንዚኑ ይበዛል። ምልክቱም ጥቁር ጭስ፣ በጥላሸት የጠቆረ ካንዴላ፣ የጉልበት ማነስና የቤንዚን ፍጆታ መጨመር ነው። ከዚህ የከፋው «አየር እንዲገባለት» ተብሎ ማጣሪያው ወጥቶ ሲጣልና ሞተሩ ያለ ማጣሪያ ሲሠራ ነው። በአቧራ ውስጥ ያለው ደቃቅ አሸዋ ከዘይት ጋር ሲቀላቀል እንደ ሞረድ ፋሻውንና ሲሊንደሩን ይፍቃል። እንዲህ ያለ ሞተር ዕድሜው ያጥራል፤ ከተበላ በኋላም ጥገናው ውድ ነው።

የስፖንጅ ማጣሪያ በሞቀ ውኃና በሳሙና ይታጠባል፤ በደንብ ከደረቀ በኋላ በንጹሕ የሞተር ዘይት ተነክሮ ይጨመቃል። በቤንዚን ማጠብ ለእሳት አደጋ ስለሚያጋልጥ አይገባም። የወረቀት ማጣሪያ ግን አይታጠብም፤ ዘይትም አይነካውም፤ በቀስታ ተመትቶ አቧራው ይራገፋል፤ ካረጀም ይለወጣል።

ለ) ቤንዚን

በብዙ ትናንሽ ፓምፖች ላይ ቤንዚኑ ከታንኩ ወደ ካርቡራተሩ የሚወርደው በራሱ ክብደት ነው። ከታንኩ ቤንዚን በወጣ ቁጥር በቦታው አየር መግባት አለበት። የአየሩ መግቢያ በክዳኑ ላይ ያለችው ቀዳዳ ናት። ቀዳዳዋ ስትደፈን ቤንዚኑ መውረድ ያቆማል፤ አፏ ብቻ ከተከፈተ ጀሪካን ዘይት እየተንተገተገ በችግር እንደሚወርድ ማለት ነው። ሞተሩ ሲያርፍ ጥቂት አየር ሰርጎ ይገባና እንደገና ይነሣል። በመግቢያው የጠቀስነው ማኅበር ያጋጠመው ይኸው ነበር። ይህን ለማረጋገጥ ሞተሩ መድከም ሲጀምር ማጥፋት፣ ክዳኑን ላላ አድርጎ መልሶ ማስነሣትና ልዩነቱን ማየት ይበቃል።

በካርቡራተሩ ውስጥ አየሩ በጠባብ መተላለፊያ ሲያልፍ ፍጥነቱ ይጨምርና ቤንዚኑን ከቀጭን ቀዳዳ እየሳበ እንደ ጉም ያደርገዋል። ይህች ቀዳዳ እጅግ ጠባብ ስለሆነች ጥቂት ቆሻሻ ወይም ዝገት ሊደፍናት ይችላል። ስለዚህ ቤንዚን ሲቀዳ ሁልጊዜ ወንፊት ባለው ማንቆርቆሪያ መሆን አለበት። ቾክ የሚባለው የአየር መዝጊያ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብቻ ይዘጋል፤ ሞተሩ ሲሞቅ ይከፈታል። ቾኩ ተዘግቶ የሚሠራ ሞተር ቤንዚን ያባክናል፤ ካንዴላውንም ያጠቁራል።

ቤንዚን ሲቆይ ይበላሻል፤ ሙጫ መሰል ዝቃጭም ይፈጥራል። የመስኖው ወቅት አልቆ ፓምፑ ከአንድ ወር በላይ የሚቀመጥ ከሆነ ታንኩንና ካርቡራተሩን ማድረቅ ያስፈልጋል። ክረምቱን ቤንዚን ይዞ የቆየ ካርቡራተር በጥቅምት አልነሣ ቢል ሊገርመን አይገባም።

ሐ) እሳት

የቮላኖው ማግኔት በቦቢናው አጠገብ ሲያልፍ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ቦቢናው ኃይሉን በብዙ ሺህ ቮልት ደረጃ ወደ ካንዴላው ይልከዋል። ኤሌክትሪኩ በካንዴላው ጫፎች መካከል ያለውን ክፍተት ሲዘል ብልጭታ ይሆናል። በብዙ ትናንሽ ሞተሮች ይህ ክፍተት ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ ትክክለኛው ልክ ግን በሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ የተጻፈው ነው።

የካንዴላው መልክ ስለ ሞተሩ ጤንነት ይናገራል። ደረቅና ቡናማ ከሆነ ጥሩ ነው። ደረቅ ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን በዝቷል ወይም አየር አንሷል። በዘይት ከራሰ ፋሻው ሳይበላ አይቀርም። ነጭ ሆኖ ከተቃጠለ ደግሞ ሞተሩ ከልክ በላይ እየሞቀ ነው።

ብዙ አዳዲስ ሞተሮች ዘይት ሲያንስ እሳቱን በራሱ የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ አላቸው። ሞተሩ ተዳፋት ላይ ሲቀመጥም ዘይቱ ወደ አንድ ወገን ስለሚያጋድል ይኸው መቆጣጠሪያ ሊያጠፋው ይችላል። ስለዚህ «እሳት የለውም» ከማለት በፊት ማብሪያ ማጥፊያውን፣ የዘይቱን መጠንና የሞተሩን አቀማመጥ ማየት ይገባል።

መ) እመቃ

ቫልቮቹ፣ ፋሻው ወይም ጓርኒሲዮኑ ጋዝ ካሳለፉ ድብልቁ በሚገባ አይታመቅም። የማስነሻው ገመድ ሲሳብ ምንም ሳይከብድ የሚመጣ ከሆነ እመቃ መጉደሉን መጠርጠር ነው። ሆኖም አንዳንድ ሞተሮች ለማስነሣት እንዲቀል ሆነው የተሠሩ ስለሆነ ክብደቱን ከተመሳሳይ ጤነኛ ሞተር ጋር ማወዳደር ይሻላል። ከአራቱ ችግሮች ልምድ ያለው መካኒክ በእርግጥ የሚያስፈልገው ለዚህኛው ነው።

፮. ዘይትና ማቀዝቀዝ

በትንሽ የቤንዚን ሞተር ከሚቃጠለው ቤንዚን ወደ ጉልበት የሚለወጠው ወደ አንድ አራተኛ ቢሆን ነው። የቀረው ሙቀት ሆኖ በጭሱና በሞተሩ አካል በኩል ይወጣል። በሲሊንደሩ ዙሪያ እንደ ገጽ የተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች ሙቀቱን ለንፋስ የሚሰጡ ናቸው። በመካከላቸው ጭቃና ገለባ ሲጠቀጠቅ ሞተሩ ይታፈናል፤ ሙቀቱም ይበዛል። ስለዚህ ሁልጊዜ መጠረግ አለባቸው። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስ ግን ብረቱን ሊሰነጥቅ ስለሚችል ክልክል ነው።

ዘይት ብረት ከብረት እንዳይፋተግ ይከላከላል፤ ሙቀት ይወስዳል፤ ቆሻሻም ያጥባል። የዘይቱ መጠን በየቀኑ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት፣ በደልዳላ ቦታ ሆኖ መታየት አለበት። በብዙ ትናንሽ ሞተሮች መመሪያ መሠረት የአዲስ ሞተር ዘይት ከመጀመሪያው 20 ሰዓት ሥራ በኋላ፣ ከዚያ በየ100 ሰዓቱ ወይም በየ6 ወሩ፣ ከሁለቱ በቀደመው ይለወጣል።

ማኅበራት አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ፓምፑ በቀን 6 ሰዓት ቢሠራ 100 ሰዓት የሚሞላው በ17 ቀን ውስጥ ነው። የመስኖው ወቅት 4 ወር ቢሆን ሞተሩ ከ700 ሰዓት በላይ ይሠራል፤ ይኸውም 7 ጊዜ ዘይት መለወጥን ይጠይቃል። «በየወቅቱ አንድ ጊዜ» የሚለወጥለት ሞተር ከሚገባው አንድ ሰባተኛውን ብቻ እያገኘ ነው ማለት ነው። ብዙዎቹ ትናንሽ ሞተሮች ከአንድ ሊትር ያነሰ ዘይት ስለሚይዙ የዘይቱ ወጪ አዲስ ሞተር ከመግዛት ጋር የሚወዳደር አይደለም።

፯. ደጋው በሞተሩና በፓምፑ ላይ የሚያስከትለው ለውጥ

ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየር ይሳሳል። ሞተሩም በአንድ ምት የሚስበው አየር ስለሚያንስ ጉልበቱ ይቀንሳል። ለግምት ያህል በየ300 ሜትሩ ከፍታ 3.5 በመቶ ጉልበት ይጎድላል። በዚህ ሒሳብ 5.5 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው የፎገራ ሜዳ ወደ 4.3፣ በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ደግሞ ወደ 4 የፈረስ ጉልበት ይወርዳል። ፓምፕ ሲገዛ በላዩ የተጻፈውን ቁጥር እንዳለ መውሰድ አይገባም።

አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ በአንጻሩ ስለሚበዛ ሞተሩ ጥቁር ጭስ ሊያወጣ ይችላል። ለዚህም ለከፍተኛ ቦታ የሚሆን ጠባብ የቤንዚን ቀዳዳ በካርቡራተሩ ላይ ሊገጠም ይቻላል። እንዲህ የተገጠመለት ሞተር ወደ ቆላ ሲወርድ ግን ቀዳዳው መለወጥ አለበት። ያለበለዚያ ቤንዚን ስለሚያንሰው ከልክ በላይ ይሞቃል።

ሌላው የከፍታ ውጤት በፓምፑ መሳቢያ ላይ የሚታይ ነው። ፓምፕ ውኃን «ይስባል» እንላለን እንጂ በእርግጥ ውኃውን በመሳቢያው ቱቦ ወደ ላይ የሚገፋው የአየር ግፊት ነው። በባሕር ጠለል ላይ አየር ውኃን ሊገፋ የሚችለው ቢበዛ 10.3 ሜትር ነው። በ1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ይህ ወደ 8.3፣ በ2,400 ሜትር ላይ ወደ 7.7 ሜትር ይወርዳል። በቱቦውና በፓምፑ ውስጥ የሚባክነው ሲቀነስ ደግሞ በደጋው ከውኃው ወለል እስከ ፓምፑ ያለው ቁመት ከ5 ሜትር ባያልፍ ይመረጣል። ከዚህ በላይ ከሆነ ሞተሩ ምንም ያህል ጤነኛ ቢሆን፣ ቢገዛም ቢለወጥም ውኃው አይወጣም።

፰. ጥብቅ ማስጠንቀቂያ፦ ሞተር ወደ ጉድጓድ አይወርድም

ከላይ የተገለጸው የመሳብ ወሰን ወደ ሞት የሚያደርስ ስሕተት ያስከትላል። በበጋ መጨረሻ የጉድጓዱ ውኃ ሲሸሽ ፓምፑ መሳብ ያቅተዋል። በዚህ ጊዜ አንዳንዶች ፓምፑን በገመድ አስረው ወደ ጉድጓዱ ያወርዱትና በዚያ ያስነሡታል።

የቤንዚን ሞተር ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ አለበት። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፤ ሽታ የለውም፤ በዓይን አይታይም። በደም ውስጥ ገብቶ የአየርን ቦታ ስለሚይዝ ሰው ሳያውቀው ራሱን ስቶ ይወድቃል። በጉድጓድ ውስጥ ንፋስ ስለሌለ ጋዙ አይበተንም፤ ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ይቆያል። ብዙ ጊዜም የሚሞተው አንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ የወደቀውን ለማውጣት የሚገባው ወንድም ወይም ጎረቤትም አብሮ ይቀራል።

ስለዚህ የሚከተሉትን ማኅበራት እንደ ደንብ ይዘው ለአባሎቻቸው ሁሉ እንዲያስተምሩ አጥብቀን እናሳስባለን።

ሀ) የቤንዚንም ሆነ የናፍጣ ሞተር ወደ ጉድጓድ አይወርድም፤ በተዘጋ ቤት ወይም መጋዘን ውስጥም አይነሣም።

ለ) ሰው ጉድጓድ ውስጥ ሳለ ሞተር በጉድጓዱ አፍ አጠገብ አይሠራም።

ሐ) በጉድጓድ ውስጥ ራሱን የሳተ ሰው ሲያጋጥም ማንም ተከትሎት አይግባ። እርዳታ ይጠራ፤ በገመድ የታሰረ ከሆነ ከላይ ሆኖ ይጎተት።

መ) ውኃው ፓምፑ ከሚደርስበት በታች ከወረደ መፍትሔው ሌላ የውኃ ማውጫ ነው። እንደ አቅም በእጅ የሚዞር የገመድ ፓምፕ ወይም በኤሌክትሪክ ወይም በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ውኃ ውስጥ የሚቀመጥ ፓምፕ መጠቀም ይቻላል።

ከዚህም ሌላ ቤንዚን የሚቀዳው ሞተሩ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ከእሳትና ከሲጋራ ርቆ ነው። የቤንዚን ተን ከአየር ስለሚከብድ በመሬት ላይ ተኝቶ ራቅ ያለ እሳት ሊያገኝ ይችላል።

፱. ሞተሩ አልነሣ ሲል ወይም ሲጠፋ የሚደረግ ምርመራ

ከቀላሉ ወደ ከባዱ መሄድ ይገባል። አንዱ ሳይረጋገጥ ወደሚቀጥለው መታለፍ የለበትም፤ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ መለወጥም አይገባም።

1. ማብሪያ ማጥፊያው ተከፍቷል? ሞተሩ በደልዳላ ቦታ ነው? ዘይቱ ልክ ነው?

2. ቤንዚን አለ? የቤንዚኑ መክፈቻ ተከፍቷል? የክዳኑ ቀዳዳ ንጹሕ ነው? ቤንዚኑ የቆየ ወይም ውኃ የገባበት አይደለም?

3. የአየር ማጣሪያው ንጹሕ ነው? ቾኩ በሚገባው ቦታ ነው?

4. ካንዴላው ተፈትቶ ይታይ። ከረጠበ ቤንዚን ይደርሰዋል፤ ችግሩ ወደ እሳቱ ያዘነብላል። ተደጋግሞ ከተሳበ በኋላ ደረቅ ከሆነ ቤንዚን አልደረሰውም፤ ካርቡራተሩ ይታይ።

5. እሳቱን ለመፈተሽ ካንዴላው በመያዣው ላይ እንዳለ አካሉ የሞተሩን ብረት እንዲነካ ተደርጎ ገመዱ ይሳብ፤ ብልጭታ ይታያል። ይህ የሚደረገው የፈሰሰ ቤንዚን ከተጠረገ በኋላ፣ ከካንዴላው ቀዳዳ ርቆና በጎማ እጀታ ባለው ፒንሳ ተይዞ ነው። ብልጭታ ከሌለ በሌላ ጤነኛ ካንዴላ ይሞከር።

6. አየር፣ ቤንዚንና እሳት ኖረው ሞተሩ ካልተነሣ እመቃው ይጠርጠር፤ ለመካኒክም ይሰጥ።

ሞተሩ በደንብ እየሠራ ውኃ ካልመጣ ጥፋቱ የሞተሩ አይደለም። ፓምፑ ከመነሣቱ በፊት በውኃ መሞላቱን፣ የመሳቢያው ቱቦ አየር አለማስገባቱን፣ ወንፊቱ በደለል አለመደፈኑንና የመሳቢያውን ቁመት መመልከት ነው። ፓምፑ ያለ ውኃ ከሠራ የውኃ መከላከያው በጥቂት ጊዜ ይቃጠላል።

፲. የማኅበሩ ኃላፊነት

የጋራ ንብረት የሆነ ሞተር ሁሉም የሚያስነሣው፣ ማንም የማይጠብቀው እንዳይሆን ያስፈልጋል። ስለሆነም ማኅበሩ አንድ ኃላፊና አንድ ምትክ መርጦ ማሠልጠን ይኖርበታል። ለእያንዳንዱ ሞተር አንድ ደብተር ተከፍቶ የሠራበት ሰዓት፣ የተቀዳው ቤንዚን፣ ዘይት የተለወጠበት ቀንና የደረሰው ብልሽት ይመዝገብ። የቤንዚን ፍጆታ ያለ ምክንያት ሲጨምር ደብተሩ ቀድሞ ይናገራል። አንድ ካንዴላ፣ አንድ የአየር ማጣሪያ፣ አንድ የማስነሻ ገመድና የአንድ ለውጥ ዘይት ሁልጊዜ በመጠባበቂያነት ቢቀመጥ ማሳው በመለዋወጫ ፍለጋ ምክንያት አይጠማም። ከውኃ ክፍያው ላይ ለዘይትና ለጥገና የሚሆን ገንዘብ በየጊዜው መለየትም ጠቃሚ ነው።

የልማት ሠራተኞችም የመስኖው ወቅት ከመጀመሩ በፊት ኃላፊዎቹን በአንድ ሞተር ዙሪያ ሰብስበው አራቱን ነገሮች፣ ማለትም አየርን፣ ቤንዚንን፣ እሳትንና እመቃን በእጃቸው እያስነኩ ቢያሳዩአቸው ከማንኛውም ጽሑፍ የበለጠ ይረዳሉ። የጉድጓዱ ማስጠንቀቂያ ግን ለኃላፊዎቹ ብቻ ሳይሆን ለአባላቱና ለቤተሰቦቻቸው ሁሉ፣ በተለይም ውኃው በሚሸሽበት በበጋው መጨረሻ ተደጋግሞ መነገር አለበት።